ወይራው ሥር የተቀበረው ብልቃጥ

ልጄ ቤዛ ሁለተኛ ዲግሪዋን ለመያዝ ያጠናችውን ነገር በመምህራን ፊት ቆማ ማስረዳት ነበረባት። ከዚያ በፊት ቤት ውስጥ ልለማመድ አለችና አድማጭ እኔ ሆንኩ። ጾም ሊገባ ስለሆነ ሱፍ እየለቀምኩ ነበር። እሷ መስኮቱ አጠገብ ቆማ ወረቀቷን አንዴ ታያለች፣ አንዴ እኔን ታያለች።

«እማዬ፣ ካልገባሽ አቁሚኝ» አለችኝ።

«ጀምሪ» አልኳት።

ጀመረች። የባዕድ ስም በባዕድ ስም ላይ ስትደራርብ ገና ከጅምሩ አስቆምኳት። ሳቀች፤ ወረቀቱን አስቀመጠችና እንደ አዲስ ጀመረች።

«ጥምቀት ዕለት ቀሐ ወንዝ ዳር የሰንበት ተማሪዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ሕዝቡን ሲያግዱ አይተሽ የለ? ከበሮው ሲመታ ሁሉም ወደ ታቦቱ መሮጥ ያምረዋል። ግን እጅ ለእጅ ስለተያያዙ አንዱም ብቻውን አይሮጥም። የሰውነታችን ሴሎችም እንዲሁ ናቸው። እያንዳንዱ ሴል ጎረቤቱን የሚይዝበት እጅ አለው። ደግሞ ‹እደግ፣ ተባዛ› የሚል ጥሪ የሚሰማበት ጆሮ አለው። ድሮ እጁና ጆሮው ለየብቻ የሚሠሩ ይመስል ነበር። አሁን ግን ጎን ለጎን ሆነው እንደሚነጋገሩ ታውቋል። እጁ ጎረቤቱን አጥብቆ ሲይዝ ጆሮው ይረጋጋል። እጁ ከላላ ጆሮው ትንሿን ጥሪ እንደ ነጋሪት ይሰማታል። ጆሮው ከልክ በላይ ከሰማ ደግሞ እሱም በተራው እጁን ያላቅቀዋል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሴሉ ጎረቤቱን ለቆ ብቻውን ይሄዳል። ካንሰር የሚዛመትበት አንዱ መንገድ ይኼ ነው። የባሰው ደግሞ፣ ሁሉም እጅ ደግ አይደለም። ጆሮውን የሚያነሳሳ፣ ‹ስማ፣ ተነስ፣ ሂድ› የሚለው ሌላ ዓይነት እጅ አለ። በሽታው ሲጸና ሴሉ ደጉን እጅ ጥሎ ያንን ያወጣል። እኔ የማጠናው ሁለቱ እንዴት እንደሚነጋገሩ ነው።»

ሱፉ እጄ ላይ ቀረ። ተያይዞ መቆም የሚለውን ነገር ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁ። የሰማሁት ከአንድ ወጣት ሐኪም ነው፤ የሰማሁበትም ቀን ከሠርጌ ቀን ይልቅ ትዝ ይለኛል።

«እኔ ይኼን ነገር ካንቺ በፊት ሰምቼዋለሁ» አልኳት።

«የት ሰማሽ?»

«አያትሽ የቀበሩትን ነገር አልነገርኩሽም?»

አልነገርኳትም ነበር። እኔ ብዙ አላወራም። ያን ቀን ግን ሱፉን ወደ ጎን አድርጌ ነገርኳት።

ያኔ ካገባሁ ዓመት አልሞላኝም። ጦርነቱ ቆሞ፣ መንገዱ ለሰው ተከፍቶ፣ ሰዉ እንደ ልቡ መግባት መውጣት የጀመረበት ጊዜ ነው። ባለቤቴ አስማረ ፒያሳ ጨርቅ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ተቀጥሮ ይሠራል። የምንኖረው ከዚያ ብዙ በማይርቅ የኪራይ ቤት ነበር። አንድ ክፍል ናት፤ ግን ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ትገባባት ነበር፤ እወዳት ነበር።

ከግራ ጡቴ ጎን አንዲት እብጠት ነበረችኝ። በልጃገረድነቴም ነበረች። ሽምብራ ታህል ነበር፤ በጣቴ ስነካት ትሸሻለች። አታምም፤ ለማንም አልተናገርኩም። በታኅሣሥ ግን ማደግ ጀመረች። ገና ሲደርስ ሎሚ አከለች።

ሌላ ሴት ብትሆን ምናልባት ይህን ያህል አትደነግጥም ነበር። እናቴ ግን የሞተችው በጡቷ ነው። ትክል ድንጋይ ከተማ አጠገብ ባለው መንደራችን፣ ቁስሉን በጨርቅ እየሸፈነች፣ ሽታውን በጤና አዳም እየደበቀች፣ ለማንም ሳታሳይ ቆይታ ነው የሞተችው። ያኔ እኔ ልጅ ነበርኩ። አባቴ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከወይራው ሥር ቀበሯት። ሌላ ሚስት አላገቡም።

ጠበል ሄድኩ። የሚያጠምቁት አባት እጄን ይዘው «ልጄ፣ ሐኪምንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነው። ሂጂና ታዪ» አሉኝ። ሄድኩ። ወጣቱ ሐኪም ዳሰሰኝና መውጣት አለበት አለ። ነፍሰ ጡር ነሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ አይደለሁም አልኩ። ወሩ መዛነፉን አውቄያለሁ፤ ግን ከጭንቀቱ ነው ብዬ ትቼው ነበር።

ቀጠሮው የከተራ ዕለት ጠዋት ሆነ። አስማረ ለበዓል ነጠላና ቀሚስ የሚገዛው ሰው ስለበዛ ከሱቅ መውጣት አልቻለም። አባቴ ከአገር ቤት መጥተው ነበርና እሳቸው ወሰዱኝ። ቦታውን ብቻ አደንዝዘው ነው የቀደዱኝ። አልተኛሁም፤ የመቀሱን ድምፅ እሰማ ነበር። በልቤ «አቤቱ ማረኝ» ከማለት ሌላ ነገር አልመጣልኝም።

ሲያልቅ ሐኪሙ ወጥቶ ለአባቴ አፈ ሰፊ ብልቃጥ ሰጣቸው። ውስጡ ጥርት ያለ ውሃ የመሰለ ነገር አለ፤ ሎሚዋ ከሥሩ ተኝታለች። በላዩ ስሜ በፕላስተር ተለጥፏል።

«አባት፣ ይኼን እዚያ ማዶ ላለው ላብራቶሪ ያስረክቡልኝ» አላቸው። «እንዳይከፍቱት። ውሃ እንዳይመስልዎት፤ መርዝ ነው። ሥጋው እንዳይበላሽ የሚያቆየው እሱ ነው።»

አባቴ ወደ ማዶ ሄዱ። ላብራቶሪው ለከተራ ቀደም ብሎ ተዘግቷል። ዘበኛው ከበዓሉ በኋላ ኑ አላቸው። ብልቃጡን ይዘው ከእኔ ጋር ወደ ቤት መጡ።

ያን የጥምቀት በዓል አልረሳውም። ከተማው በሙሉ ወደ ቀሐ ወርዷል፤ መንገዱ ላይ ቄጤማው እየተረገጠ ይሸታል፤ ዝማሬው እስከ ቤታችን ይሰማል። እኔ ደረቴን ታስሬ ተኝቻለሁ። አባቴ በየዓመቱ ታቦት አጅበው የሚያድሩ ሰው፣ ያን ዓመት ከደጃፍ አላለፉም። ዶሮውንም ቀመስ አድርገው ተዉት። ብልቃጡን ከፍ አድርገው መደርደሪያው ላይ አስቀምጠው በነጠላ ሸፍነውታል። ቀና ይሉና ያዩታል፤ ያቀረቅራሉ።

«ምነው አባባ፣ አይወርዱም?» አልኳቸው።

«ታቦት እያለፈ የሰው ሥጋ መደርደሪያ ላይ ሰቅዬ የት እሄዳለሁ?» አሉኝ።

በዓሉ ሲያልፍ ከረጢታቸውን አነገቱ። ብልቃጡን እግረ መንገዳቸውን እንደሚያደርሱት ነገሩን። ግንባሬን ሳሙኝና ወጡ።

ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀር ቁስሉ ጠግጎ ውጤቱን ልጠይቅ ሄድኩ። ሐኪሙ ወረቀቶቹን አገላበጠ፤ የለም። ሰው ላከ፤ የለም። ራሱ ተነስቶ ሄዶ መጣ።

«እንዲህ ያለ ብልቃጥ አልደረሰንም» አለኝ።

«አባቴ እኮ አድርሰዋል።»

«አልደረሰም፣ እህቴ።» ወንበሩን ወደ እኔ አቀረበ። ነገሩን ሳይደብቅ ነገረኝ፤ እስከ ዛሬ የማመሰግነው ለዚያ ነው። «ያወጣሁት ነገር ክፉ ይሁን ደግ በዓይኔ አይቼ መናገር አልችልም። በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት። ሙሉውን ስለሆነ ያወጣሁት፣ አሁን ሁለተኛ የምቆርጠው ናሙና የለም። እናትሽም በዚሁ ነው የሞተች አልሽኝ። ናሙናው ካልተገኘ፣ ለጥንቃቄ ጡቱን በሙሉ ማንሳት ይሻላል እላለሁ። የተገኘ እንደሆነ ግን በእውቀት እንወስናለን።»

ገና ልጅ ያልወለድኩ ሴት ነበርኩ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ወጣሁ። አስማረ ሱቁ ደጃፍ ላይ አየኝና ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ሮጦ መጣ። ነገርኩት። እሱም ብዙ አይናገርም። «ነገ ሂጂ። አባትሽን ጠይቂ» አለኝ።

ማግሥቱ የነነዌ ጾም ሁለተኛ ቀን፣ ማክሰኞ ነበር። ወደ ትክል ድንጋይ በሚሄድ የጭነት ማኪና ጋቢና ውስጥ ተሳፈርኩ። መንገዱ ይጠማዘዛል፤ የነዳጁ ሽታ ወደ ላይ ወደ ላይ ይለኛል። ሁለት ጊዜ አስቁሜ ወረድኩ። በሽታው ሆዴ ገባ ብዬ አሰብኩ። በመስኮቱ የማየው ሁሉ ደረቅ ነበር፤ እህሉ ተወቅቶ አልቋል፤ አውድማው ባዶ ነው፤ የጭዱ ክምር ብቻ እዚህም እዚያም ቆሟል። በየካቲት አገሩ ሥራውን ጨርሶ ቁጭ ያለ ሽማግሌ ይመስላል። እኔ ደግሞ ሳልጀምር ሊያልቅብኝ ነው እያልኩ አየው ነበር።

ከገበያው ወርጄ በእግሬ ወደ መንደራችን ስደርስ አባቴ ለበሬዎቹ ጭድ እየሰጡ አገኘኋቸው።

«ምነው ልጄ? ምነው በዚህ ፀሐይ?» ብለው የታቀፉትን ጭድ ጣሉት።

«አባባ፣ ብልቃጡን ለማን ሰጡት?»

 ከበሬው ቀንድ ላይ ጭዱን ጠረጉ።

«ቀበርሁት» አሉ።

«ምን?»

«ከእናትሽ አጠገብ፣ ወይራው ሥር። ቄስ ሞላ አባታችን ሆይ ደግመውበት፣ በክርስትና ስምሽ ጸልየውበት ቀበርሁት። ላብራቶሪው በር ድረስማ ሄጃለሁ። ሰዉ ተሰልፎ የሰው ሥጋ በመስኮት ሲያቀብል አየሁ። እንደ ቅርጫ። አልቻልሁም።»

«እንዲመረመር እኮ ነው የተሰጠዎት!»

«ምኑ ይመረመራል? እናትሽን እንዴት እንደቀበርሁ ታውቂያለሽ። ያ ነገር ከእሷ ሳይወጣ ነው አብሯት መሬት የገባ። ካንቺ ግን ሲወጣ በዓይኔ አየሁት። ወጣ፤ ቀበርሁት። ከዚህ ወዲያ ምን ይጠየቃል?»

ልቆጣቸው ነበር የመጣሁት። ያን ሲሉ ግን ቁጣዬ ጠፋ። ሚስታቸውን የነጠቃቸውን ነገር በእጃቸው ይዘው፣ አፈር አልብሰው፣ ልጃቸውን ያዳኑ መስሏቸዋል። እንደዚህ ያለ ነገር የሚያደርገው የእኛ አገር ሰው ብቻ ይመስለኛል። ለተቆረጠ እግርና እጅ የሚደረገውን የቀብር ክብር ለአንዲት ሎሚ አደረጉ።

ቀስ ብዬ የሐኪሙን ቃል ነገርኳቸው። ናሙናው ካልተገኘ ጡቱ በሙሉ እንደሚነሳ ስነግራቸው ፊታቸው አመድ መሰለ።

«የሞተ ሥጋ ይናገራል?» አሉ።

«ይናገራል ብሏል።»

ጭዱን እዚያው ትተው ነጠላቸውን አጣፉና ወደ ቤተ ክርስቲያን መራመድ ጀመሩ። ተከተልኳቸው።

ቄስ ሞላ የንስሐ አባታችን ናቸው። ቅኔ ማኅሌቱ አጠገብ በጭቃ የተመረገው መደብ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። አባቴ መስቀል ከተሳለሙ በኋላ ነገሩን አንድ ባንድ ነገሯቸው። ቄስ ሞላ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ተገኘ፣ ለመሬት የተሰጠ አይነሳም» አሉ አባቴን በስማቸው ጠርተው። «በልጅህ በወለተ ሥላሴ ስም ጸልየንበት የለም እንዴ?»

«ጸልየናል፣ አባ።»

«ታዲያ ዛሬ እየቀበርን ነገ እየቆፈርን እንዘልቀዋለን?»

 የእኔ እንባ ይወርድ ነበር። ቄስ ሞላ አዩኝና ዓይናቸውን ወደ ቤተ መቅደሱ መለሱ።

«ዛሬ ምን ተነበበ?» አሉ።

«ትንቢተ ዮናስ» አሉ አባቴ።

«ዮናስ ከገባበት ሆድ ወጣ ወይስ አልወጣም?»

«ወጣ፣ አባ።»

«ምን ሊያደርግ ወጣ?»

«ለነነዌ ሰዎች ሊናገር።»

ቄስ ሞላ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሱ። «እንግዲያው ይኼም የሚናገረው ነገር ካለው ይውጣ። ተናግሮ ሲያበቃ ግን ይመለሳል። ቦታው የራሱ ነው፤ አልሸጥበትም፣ አልለውጥበትም።»

አባቴ ጎንበስ ብለው ጉልበታቸውን ሳሙ። ዶማ መጣ። ወሬ እግር አለውና እኛ ወይራው ሥር ስንደርስ ደጉ የሚባለው ጎረቤታችን እኛን ቀድሞ ቆሟል። ደጉ በቀብርም በሠርግም ቀልድ የማይነጥፍበት ሰው ነው።

«አያ ተገኘ፣ ምነው እንዲህ ያለ ነገር?» አለ። «ተዝካሩን ሳያበሉን ሊያወጧት ነው?»

«ዝም በል፣ አንተ!» አሉት አባቴ።

«እኔማ አርባው መቼ ነው እያልሁ ጥርሴን ስስል ነበር። እሷው ራሷ በእግሯ መጣች!»

በእንባዬ መካከል ሳቄ አመለጠኝ። ቄስ ሞላም አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ደጉ ያን ከተናገረ በኋላ ዶማውን ከአባቴ እጅ ተቀብሎ ራሱ ቆፈረ። አባቴ «ቀስ፣ ቀስ» እያሉ አጠገቡ ተንበረከኩ። ጥቂት ከቆፈረ በኋላ ዶማውን ትቶ አፈሩን በእጁ ይዝቅ ጀመር።

ብልቃጡ በአዲስ አቡጀዲ ተጠቅልሎ ወጣ። አባቴ ፈቱት። አፉ ዙሪያውን በጧፍ ሰም ታሽጓል።

«ከፈቱት?» አልኳቸው። 

«አትክፈት ተባልሁ እኮ። ሽታው መሬቱን እንዳይመርዘው በሰም ደፈንሁት እንጂ አልከፈትሁትም።»

ወደ ፀሐይ አነሱት። ሎሚዋ እንደነበረች አለች። ውሃው አልጎደለም። ከሐኪሙ ሁለት ትእዛዝ አንዱን አፍርሰው አንዱን ጠብቀዋል። ዛሬ ሳስበው እግዚአብሔር ያዳነኝ በጠበቋት በዚያች በአንዷ ነው።

ጾሙን ከቀትር በኋላ ፈታን። አክስቴ አሹቅና የሱፍ ፍትፍት አቀረበች። ለወትሮው የምወደው ምግብ ነው፤ ያን ቀን ሽታውን አልቻልኩትም። አክስቴ አየችኝ። ልትናገር አፏን ከፈተችና መልሳ ዝም አለች።

በማግሥቱ አባቴ አብረውኝ መጡ። አውቶቡስ ውስጥ ብልቃጡን በአቡጀዲው ጠቅልለው ጉልበታቸው ላይ ታቅፈውታል። አጠገባቸው የተቀመጠው ሰው ሰሙን አየና ደስ አለው።

«የአርማጭሆ ማር ነው? ሸጋ ይመስላል። ይሸጡታል?»

«አይሸጥም» አሉ አባቴ።

«ትንሽ ብቀምስስ?»

«የልጄ ነው» አሉና ይበልጥ አቀፉት።

ሰውየው ቅር ብሎት ፊቱን አዞረ። የያዙት ምን እንደሆነ ቢያውቅ በመስኮት ይወርድ ነበር።

ሐኪሙ አባቴ የነገሩትን ሲሰማ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ አባቴ እንደማይስቁ ሲያይ ሳቁን ዋጥ አደረገው። ብልቃጡን ተቀብሎ በብርሃን አየው፣ ሰሙን በጥፍሩ ፋቀው፣ «አልተበላሸም» አለ። «ፈሳሹ ውስጥ እስካለ ድረስ መሬት ውስጥም ይሁን መደርደሪያ ላይ ለእሱ አንድ ነው። አሁን ሂዱና ጠብቁ።»

መጠበቅ ከመቀደድ ይከብዳል። አባቴ ወደ አገራቸው አልተመለሱም። ጠዋት ኪዳን አድርሰው ይመጣሉ፤ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ የመጣው ምግብ ይቀርብላቸዋል፤ ዝም ብለው ይበላሉ።  አስማረ ከሱቅ ሲገባ ዓይናችንን አይቶ እሱም ዝም ይላል። ሦስት ሰው ባንዲት ክፍል ውስጥ እንዲህ ዝም ሲል አይቼ አላውቅም። ብቻ አንድ ቀን አባቴ ድንገት «እናትሽ ብትነግረኝ ኖሮ» አሉና አልጨረሱትም። ከዚያ በኋላ እኔ ያመመኝን ነገር ከማንም ደብቄ አላውቅም።

ውጤቱ የደረሰ ቀን ሦስታችንም ሄድን። ሐኪሙ ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም። ተቀመጡ አለን። አባቴ አልተቀመጡም።

«ክፉ አይደለም» አለ።

 ያልሰማነው መስሎት ደገመው።

«ካንሰር አይደለም። ጡትሽ አይነካም። የቀረ ነገር የለብሽም።»

አስማረ ግድግዳውን ተደገፈ። አባቴ «አይደለም?» አሉ። «በምን አወቅህ? ምን ብሎ ተናገረ?»

ሐኪሙ የጠየቁትን አልናቀውም። ሁለት እጁን አነሳና ጣቶቹን አቆላለፋቸው። «አባት፣ ሰውነታችን እጅግ ትንንሽ በሆኑ ሴሎች ነው የተሠራው። ክፉው በሽታ ሲሆን፣ ሴሎቹ መያያዛቸውን ይተዋሉ።» ጣቶቹን አላቀቃቸው። «እርስ በርስ ይላቀቁና ወደ ጎረቤት ሥጋ ሰብረው ይገባሉ። የልጅዎ ግን እንዲህ ናቸው።» ጣቶቹን መልሶ አቆላለፋቸው። «አድገዋል፤ ግን እንደተያያዙ ናቸው። ወሰናቸውን አላለፉም። በማይክሮስኮፕ ያየነው ይኼን ነው።»

አባቴ እጆቹን ቆመው አዩ። ከዚያም የራሳቸውን የተሰነጣጠቁ ጣቶች አንሥተው እንደሱ አቆላለፉ።

«እንዲህ?» አሉ።

«እንዲህ።»

«ተያይዘው።»

«ተያይዘው፣ አባት።»

ያኔ ተቀመጡ። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉት። አባቴን ሲያለቅሱ ያየሁት ሁለት ጊዜ ነው፤ እናቴን የቀበሩ ለታና ያን ቀን።

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። «አንድ ነገር ግን ግራ ያጋባኛል። ዓመታት ሽምብራ አክሎ የኖረ ነገር ባንድ ወር ሎሚ የሚያህለው እንዲሁ አይደለም። እንዲህ ያለው እብጠት የማደጊያ ጥሪ ሲሰማ ያድጋል። ጡት ለወተት ሲዘጋጅ የሚሰማውን ጥሪ እሱም ይሰማል። እስቲ እንደገና ልጠይቅሽ። ወርሽን አይተሻል?»

ምላሼን ሳይሰማ ምርመራ አዘዘ። ጋቢናው ውስጥ ወደ ላይ ወደ ላይ ያለኝ፣ የሱፍ ፍትፍቱን ያስጠላኝ፣ አክስቴ አይታ ዝም ያለችው ነገር ምን እንደሆነ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ታወቀ። በሽታ ነው ያልኩት አንቺ ነበርሽ፣ ቤዛ።

ልንወጣ ስንል አባቴ ወደ ሐኪሙ ተመለሱ።

«እንግዲህ ብልቃጤን ስጠኝ» አሉት።

«ምን ሊያደርጉት፣ አባት?»

«ተናግሮ ካበቃ ይመለሳል ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ።»

ሐኪሙ አያቸው። ለማስረጃ የሚቀመጥ ጥቂት ነገር እንደሚቀር፣ የተረፈውን ግን እንደሚሰጣቸው ነገራቸው። አባቴ «ጥቂቱ ይቅር» አሉ። የቀረውን አቡጀዲው ውስጥ ጠቅልለው ይዘውት ሄዱ። ቄስ ሞላ በዚያው በወይራው ሥር አስቀመጡት። ደጉ ቆፈረ። ተዝካሩ ግን ቀረ ብሎ እስከ ዕለተ ሞቱ ሲወቅሰን ኖረ።

ይህን ሁሉ ስነግራት ቤዛ ወረቀቷን ረስታው መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር።

«እማዬ፣ እንግዲህ ያ ጥሪ...» አለችና አቆመች።

«አንቺ ነሽ» አልኳት። «ካንቺ የመጣ ጥሪ ነው። አንቺን ለማጥባት የተዘጋጀው ሁሉ ሰማ፤ ሎሚዋም ሰማች። ግን እጇን አልለቀቀችም።»

ቤዛ የምታስረዳበት ቀን ደርሶ ሄድኩ። የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የባዕድ ስሞቹን አልተከታተልኩም። አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ ግን ወረቀቷን ትታ ሁለት እጇን አነሳችና ጣቶቿን አቆላለፈች። መምህራኑ ለምን እንዲያ እንዳደረገች ያወቁ አይመስለኝም። እኔ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ።

በዚያ በቀዳደዱኝ ጡት እሷንም ወንድሞቿንም አጥብቻለሁ። ጠባሳው አለ፤ እንደ ክር ቀጭን ነው። አባቴ ካረፉ ቆዩ፤ ራሳቸው እንደተናዘዙት እዚያው ወይራው ሥር ነው የተቀበሩት። ለሙት ዓመታቸው ስሄድ ሦስት መቃብር እሳለማለሁ። አንዱ የእናቴ ነው፤ አንዱ የአባቴ ነው። በመካከላቸው ያለው ትንሹ የእኔ ነው። ሰው ሲያየኝ ልጅ የቀበርኩ ይመስለዋል። እኔ ግን በላዩ የተኛውን የወይራ ቅጠል ጠርጌ፣ አመስግኜ፣ በሁለት እግሬ ወደ ልጆቼ እመለሳለሁ።